ዊልማ ሩዶልፍ፦ ከእግር ብረት እስከ ሮም ኦሎምፒክ



ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ አንዲት እህታችን ልጇን ወደ ፊዚዮቴራፒ ማመላለሱን ልታቆም እንደሆነ ነግራን ነበር። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። ክብደቱ ጨምሯል፤ አዝላው ሁለት ታክሲ መያዝ ከብዷታል። ከሁሉም በላይ ተስፋ ያስቆረጣት ግን ለውጡ አለመታየቱ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል እጅና እግሩን አንቀሳቅሰው ይመልሱታል፤ ይህ ምን ያደርግለታል ብላ ስትጠይቅ ከመካከላችን መልስ የሰጣት አልነበረም። ዝም ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልሱ እንዳለኝ ታወቀኝ። ግማሹን ያገኘሁት ከራሴ ልጅ ነው። ሌላውን ግማሽ ያገኘሁት ከሞተች ብዙ ዓመት ከሆናት ከአንዲት አሜሪካዊት ሯጭ ሕይወት ነው። ስሟ ዊልማ ሩዶልፍ ይባላል። በዚህ እትም ጽሑፍ እንዳቀርብ ስጠየቅ የእሷን ታሪክ የመረጥኩት ለዚያች እህታችን ስል ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በእኛ ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቷ

ዊልማ የተወለደችው በ1940፣ በእኛ ሰኔ 16 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ቴነሲ ክፍለ ግዛት ክላርክስቪል ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ያለ ጊዜዋ ስለተወለደች ክብደቷ ሁለት ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። አባቷ አቶ ኤድ ሩዶልፍ በባቡር ሥራ ላይ ተሸካሚ ነበሩ፤ ሌላ የጉልበት ሥራም ሲገኝ ይሠሩ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ብላንሽ በሰው ቤት ሠራተኛ ነበሩ። አባቷ ከሁለት ጋብቻ 22 ልጆች የወለዱ ሲሆን ዊልማ 20ኛዋ ናት። እንግዲህ የዚያን ቤት ኑሮ እናንተው ገምቱት።

ሕፃኗ ከበሽታ ወደ በሽታ እየተሸጋገረች አደገች። የሳንባ ምች ያዛት፤ ስካርሌት ፊቨር የሚባለው ትኩሳት ያዛት። አራት ወይም አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ደግሞ የልጅነት ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ መታት። ሕይወቷ ተረፈ፤ ግራ እግሯና መዳፉ ግን ደከሙ። ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ከእንግዲህ መራመዷ እንደማይቀናት ነበር የተነገራቸው። እናቷ ግን ትራመጃለሽ እያሉ አሳደጓት፤ እሷም ያመነችው እናቷን እንደነበር በኋላ ደጋግማ ተናግራለች።

እዚህ ላይ ልምሻ እግርን እንዴት እንደሚያሰንፍ ባጭሩ ላስረዳ፤ የሕክምናው ጥቅም የሚገባን ያን ጊዜ ነውና። የፖሊዮ ቫይረስ በአፍ በኩል ይገባል። ብዙዎች ምንም ሳይሰማቸው ያልፋል። በጥቂቶች ላይ ግን እስከ ኅብለ ሰረሰር ድረስ ዘልቆ ጡንቻን የሚያዙ የነርቭ ሴሎችን ይገድላል። ትእዛዝ የማይደርሰው ጡንቻ ይልማል፣ ይሰላል። በሌላው ወገን ያለው ጤነኛ ጡንቻ ብቻውን ስለሚጎትት መገጣጠሚያው ቀስ በቀስ ይኮማተራል፣ እግሩም ይጣመማል። ነገር ግን ሁሉም ሴሎች አይሞቱም። የተረፉት አዲስ ቅርንጫፍ እያበቀሉ ጌታ ያጣውን የጡንቻ ክፍል ሊይዙት ይችላሉ። ማሸቱ፣ መዘርጋቱና ማለማመዱ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅና የተረፈው ጡንቻ እንዲጠነክር ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በወራትና በዓመታት እንጂ በአንድ ቀን አይደለም።

ቀድሞ ብዙ ሐኪሞች የፖሊዮ ሕመምተኛን እጅና እግር በጀሶ ወይም በእንጨት አስረው ለረጅም ጊዜ ያስቀምጡ ነበር። ኤሊዛቤት ኬኒ የምትባል አውስትራሊያዊት አስታማሚ ግን ይህን ተቃወመች። እሷ ጡንቻውን በሙቅ የተነከረ ጨርቅ እያፍታታች ቶሎ ማንቀሳቀስ ነበር የምትመርጠው። አሜሪካ የገባችው በ1940፣ ዊልማ በተወለደችበት ዓመት ነው። ብዙ ተከራክረዋታል፤ ሥራዋ ግን የዛሬው ፊዚዮቴራፒ ከቆመባቸው መሠረቶች አንዱ ሆኗል።

ወደ ናሽቪል መንገድ

ያን ጊዜ በደቡብ አሜሪካ ጥቁርና ነጭ በሕግ የተለያዩ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ፣ የአውቶቡስ ወንበሩ ሳይቀር የተከፋፈለ ነበር። በክላርክስቪል ለጥቁሮች የነበረው ሕክምና እጅግ ውስን ስለሆነ ዊልማን የሚረዳ ክፍል በአካባቢው አልተገኘም። ወይዘሮ ብላንሽ ሲያጠያይቁ ናሽቪል ውስጥ ሜሃሪ የሚባል የጥቁሮች የሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል እንዳለ ሰሙ። ይህ ኮሌጅ በ1876 የተመሠረተ ሲሆን ጥቁር ሐኪሞችን በማሠልጠን የታወቀ ነው። ከክላርክስቪል ናሽቪል 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

እናትና ልጅ በየሳምንቱ በአውቶቡስ ይመላለሱ ጀመር። ጥቁር ተሳፋሪ የሚቀመጠው ከኋላ ነው። ደርሰው፣ ታክመው፣ ተመልሰው ቤት ሲገቡ ቀኑ አልቆ ይመሻል። ይህን ያደረጉት አንድ ወር ወይም ሁለት ወር አይደለም፤ ለሁለት ዓመት ያህል ነው። በሜሃሪ እግሯን በሙቅ ውኃ ያፍታታሉ፣ ያሻሉ፣ ያለማምዷታል። የሚደግፋት ብረትም አሰሩላት። ሆስፒታል ተኝታ አልታከመችም። ዛሬ እኛ ተመላላሽ ሕክምና የምንለው ነው።

ይህን ሳነብ የታየኝ አውቶቡሱ ነው። እኛ ዘንድ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ልጅ አዝሎ ሚኒባስ መጠበቅ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዊልቸር ካየ የማይቆም ሹፌር አለ። ልጁ ቦታ ይይዛል ብሎ የሁለት ሰው ሒሳብ የሚጠይቅ ረዳት አለ። ልጁን አይቶ ከንፈሩን የሚመጥ ተሳፋሪም አይጠፋም። ወይዘሮ ብላንሽም ከባሰው መድልዎ ጋር በዚያ መንገድ ላይ ለሁለት ዓመት ተቀምጠዋል።

በቀን አራት ጊዜ

የታሪኩ ፍሬ ያለው ግን ከአውቶቡሱ በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ። ወይዘሮ ብላንሽ ሆስፒታሉ የሚያደርገውን ቆመው አዩ፣ ጠየቁ፣ ተማሩ። ቤት ሲመለሱ ደግሞ ለታላላቅ ልጆቻቸው አስተማሩ። ከዚያ በኋላ የዊልማ እግር በቀን አራት ጊዜ ይታሽ ነበር። አንዱ ሥራ ሲሄድ ሌላው ይተካል፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትቀጥላለች። እህቶቿና ወንድሞቿ ተራ ገብተው ነበር ማለት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ሆስፒታሉ በሳምንት አንድ ቀን ነው። ቤተሰቡ በቀን አራት ጊዜ፣ በሳምንት 28 ጊዜ ነው። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ ሆስፒታሉ ባይኖር ቤተሰቡ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ቤተሰቡ ባይኖር ሆስፒታሉ ያስተማረው እዚያው ይቀር ነበር። እህታችን የጠየቀችው ጥያቄ መልስ ይህ ይመስለኛል። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ብቻውን ብዙ አያደርግም። ግማሽ ሰዓቱ ለእናቲቱ ትምህርት፣ ለባለሙያው ደግሞ ለውጡን የሚለካበት፣ ስሕተቱን የሚያርምበትና ቀጣዩን የሚወስንበት ጊዜ ሲሆን ግን ብዙ ያደርጋል።

የራሴን ነገር ልናገር። ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ አለባት። መጀመሪያ በምወስዳት ቦታ እሷን ይቀበሉኝና እኔን ኮሪደር ላይ ያስቀምጡኝ ነበር። በሩ ይዘጋል። ታለቅሳለች፤ እኔም ውጭ ሆኜ አለቅሳለሁ። ሲጨርሱ ቀጠሮ ጽፈው ይሰጡኛል። ቤት ውስጥ ምን ላድርግ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ማንም አልነገረኝም። እኔ የዘመድ ምክር እየሰማሁ እንዳይጎዳት ብዬ ሳላንቀሳቅሳት እውል ነበር። አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በሌላ ቦታ አንዲት ወጣት ባለሙያ ገብቼ አጠገቧ እንድቀመጥ አዘዘችኝ። እጄን ይዛ እንዴት እንደሚዘረጋ አሳየችኝ። ከዚያም ሥሪው ብላ ቆማ ተመለከተችኝ፤ የተሳሳትኩትን አረመችኝ። ልጄን ስታጠብ፣ ስትለብስ፣ ስትበላ እንዴት አድርጌ እንደምይዛት ጭምር ነገረችኝ። ለካ ሕክምናው ቀኑን ሙሉ ሊሆን የሚችል ነገር ኖሯል። ያ ያለፈው ዓመት አሁንም ይቆጨኛል።

ብረቱ ሲወልቅ

ወደ ዊልማ ልመለስ። በእግሯ ምክንያት የመጀመሪያዎቹን የትምህርት ዓመታት ቤት ውስጥ ነው የተማረችው። ሰባት ዓመት ሲሞላት ኮብ የሚባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ገባች። ልጆች በብረቱ ይቀልዱባት ነበር። ወንድሞቿ በግቢው ውስጥ የቅርጫት ኳስ መጫወቻ አቁመው ሲጫወቱ እሷ ቁጭ ብላ ታያለች። ቀስ በቀስ ግን ብረቱን እያወለቀች ጥቂት መራመድ ጀመረች። አንድ እሑድ ያለ ብረት ቤተ ክርስቲያን በር ገብታ በምእመናኑ መካከል እየተራመደች አልፋ እንደተቀመጠች ይነገራል። ከብረቱ በኋላ ለእግሯ ድጋፍ የሚሰጥ ልዩ ጫማ ማድረግ ነበረባት። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ያለ ብረትም ያለ ልዩ ጫማም እንደ ሌላው ልጅ ትራመድ ነበር።

ልብ በሉ፤ ሕመሙ ከጀመራት እስከዚያ ቀን ሰባት ዓመት ያህል አልፏል። ሁላችንም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ በዚህ ቤት ግን ነገሩ ምሳሌ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። በበርት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ቡድን ገባች። አሠልጣኟ ክሊንተን ግሬይ እዚህም እዚያም የምትል ትንኝ ነች ብለው ስኪተር የሚል ቅጽል ስም አወጡላት። በአንድ የውድድር ዓመት 803 ነጥብ አስቆጥራ በትምህርት ቤት ልጃገረዶች ቅርጫት ኳስ አዲስ ክብረ ወሰን ያዘች። በዚህ መካከል የቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሩጫ አሠልጣኝ ኤድ ቴምፕል አዩዋትና ገና ተማሪ ሳለች ለክረምት ሥልጠና ወሰዷት። በአላባማ ቱስኪጊ በተደረገው የመጀመሪያዋ ትልቅ ውድድር የሮጠቻቸውን ሩጫዎች ሁሉ ተሸንፋ አልቅሳ ተመለሰች። በ1956 ግን በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሜልበርን ኦሎምፒክ ላይ ነበረች፤ በ4 ጊዜ 100 ሜትር ዱላ ቅብብል ከጓደኞቿ ጋር ነሐስ አገኘች።

በ1958 ሴት ልጅ ወለደች። ገና ሳታገባ ስለነበር ብዙዎች ሩጫው በዚሁ አበቃ ብለው ነበር። ቤተሰቧ ግን እንደ ለመደው ተራ ገብቶ ሕፃኗን ተቀበላት፤ ዊልማም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዳ ትምህርቷንና ልምምዷን ቀጠለች። በእጃቸው እግሯን ያቆሙላት እነዚያው ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ እጃቸውን ዘረጉላት።

ሮም፣ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ

በ1960 የሮም ኦሎምፒክ ለእኛ የአበበ ቢቂላ ኦሎምፒክ ነው። ለአሜሪካውያን ደግሞ የዊልማ ነው። ከ100 ሜትሩ ውድድር በፊት ባለው ቀን ስትለማመድ ሜዳ ላይ ጉድጓድ ረግጣ ቁርጭምጭሚቷን ወለም አላት። ሆኖም በግማሽ ፍጻሜው 11.3 ሰከንድ ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን ተስተካከለች። ፍጻሜውን በ11.0 ሰከንድ አሸነፈች፤ ነፋሱ ከኋላ ስለገፋት በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበላትም። ቀጥሎ 200 ሜትሩን በ24.0 ሰከንድ አሸነፈች። በዱላ ቅብብሉ ከማርታ ሃድሰን፣ ከባርባራ ጆንስና ከሉሲንዳ ዊልያምስ ጋር ሮጠች፤ አራቱም የቴነሲ ስቴት ልጆች ነበሩ። በማጣሪያው 44.4 ሰከንድ ገብተው የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ። በፍጻሜው የመጨረሻዋ ሯጭ ዊልማ ነበረች። ዱላውን ስትቀበል ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም ነበር፤ ይዛው ከኋላ ተነሥታ አሸነፈች።

በአንድ ኦሎምፒክ በሩጫ ሦስት የወርቅ ሜዳልያ ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ሆነች። ጣልያኖች ጥቁሯ አጋዘን አሏት። ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር 10፣ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት፣ አበበ በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ማግሥቱ የእኛ እንቁጣጣሽ ነበር። ልምሻ የመታው እግር ያላት ልጅና በባዶ እግሩ የሮጠው የእኛ ወታደር በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሳምንት የዓለምን ሕዝብ አስነሥተው አስጨበጨቡ።

ስለ አበበ ካነሣሁ ቀሪውንም ልበል፤ ለዚህ ጽሑፍ ያስፈልገኛል። በ1969 የመኪና አደጋ ደረሰበት። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለብዙ ወራት ታከመ። ያ ክፍል በዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የተቋቋመ፣ የአከርካሪ አጥንት ጉዳተኞችን በማለማመድ የታወቀ ነው። አበበ መጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። በልምምዱ እጆቹ ተመለሱ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በ1970 እዚያው በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በዊልቸር ሆኖ ቀስት ወረወረ፤ በ1971 ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። በ1973 አረፈ።

ይህን የጻፍኩት የዊልማ ታሪክ ማንንም እንዳያሳዝን ነው። ለዊልማ ተሃድሶው ሩጫ ሰጣት፤ ለአበበ እጆቹን መለሰለት። የእኔ ልጅ ዛሬ ስምንት ዓመቷ ነው። አትራመድም። ነገር ግን ተደግፋ ትቀመጣለች፤ ማንኪያ ይዛ ትጎርሳለች፤ ሽንት ቤት ስወስዳት እግሯን ረግጣ ክብደቷን ታግዘኛለች። ይህ ትንሽ የሚመስለው ጀርባው የማያመው ሰው ነው። ልጁ ያልተራመደላት እናት አላሸችም ማለት አይደለም፤ የእያንዳንዱ ጉዳት ዓይነትና መጠን ይለያያል። ባለሙያውም ሲጀመር ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ሊደረስበት የሚችል ግብ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው። ያን ጊዜ ለውጡ አልታየኝም የምንለው ነገር የት እንዳለ እናውቃለን።

ከድሉ በኋላ

ዊልማ ወደ ክላርክስቪል ስትመለስ ከተማዋ ትልቅ አቀባበል አዘጋጀች። ሰልፉና ግብዣው ግን እንደ ልማዱ ነጩን ከጥቁሩ ለይቶ ሊሆን ነበር። እንደዚያ ከሆነ አልገኝም አለች። ኦክቶበር 4 ቀን 1960 የተደረገው አቀባበል በከተማዋ ታሪክ ጥቁርና ነጭ አብረው የተገኙበት የመጀመሪያው የማዘጋጃ ቤት ዝግጅት ሆነ። እናቷ ከአውቶቡስ ኋላ የተቀመጡባት ልጅ ናት ይህን ያደረገችው። በ1963 ደግሞ በከተማዋ የሚገኝ ምግብ ቤት ጥቁሮችን አላስተናግድም ማለቱን በመቃወም ከሌሎች ጋር ተሰለፈች።

ሩጫውን ያቆመችው በ1962፣ ገና በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ ሯጭ ገንዘብ አይከፈለውም ነበርና ሜዳልያዎቿ እንጀራ አልሆኑላትም። በ1963 በመምህርነት ተመርቃ በተማረችበት በኮብ ትምህርት ቤት አስተማረች፤ በቀድሞ ትምህርት ቤቷ በበርትም ሩጫ አሠለጠነች። አራት ልጆች ወለደች፤ ትዳሯ ፈረሰ፤ ሥራ ፍለጋ ከከተማ ወደ ከተማ ዞረች። በ1977 የሕይወት ታሪኳን አሳተመች። በ1981 ድኻ ቤተሰብ ያላቸውን ልጆች በስፖርትና በትምህርት የሚያግዝ ድርጅት በስሟ አቋቋመች።

በ1994 እናቷ አረፉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዊልማ ራሷ ካንሰር እንዳለባት ታወቀ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 12 ቀን በሃምሳ አራት ዓመቷ ሞተች። ዛሬ በክላርክስቪል አንድ ትልቅ መንገድ በስሟ ይጠራል።

ለእኛ

ዛሬ ልምሻ በክትባት ምክንያት ብርቅ ሆኗል። የመጀመሪያው ክትባት ሥራ ላይ የዋለው በ1955 ነው፤ አፍሪካም ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ በ2020 ታውጇል። ክትባቱን ግን ማቋረጥ አይገባም፤ የቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሲመጡ ልጆቻችንን እናስከትብ። ተመላላሽ ተሃድሶ የሚያስፈልጋቸው ሌሎች ግን ብዙ ናቸው፦ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች፣ ቆልማማ እግር ይዘው የተወለዱ ሕፃናት፣ ስትሮክ የመታቸው አባቶችና እናቶች፣ ስብራት ገጥሟቸው መገጣጠሚያቸው የደረቀባቸው፣ ቃጠሎ ቆዳቸውን የጨመደደባቸው። በተለይ ቆልማማ እግር ገና በጨቅላነት በተከታታይ ጀሶና በልዩ ጫማ ከተጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል፤ የቤት ሥራው ጫማውን ሳያቋርጡ ማድረግ ነው። ጸበል የምትወስዱም ውሰዱ፤ ቀጠሮውን ግን አትዝለሉ።

ወደ ሕክምና ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ፦ አብሬ መግባት እችላለሁ? ቤት ውስጥ የቱን እንቅስቃሴ፣ በቀን ስንት ጊዜ ላድርግ? እኔ ስሠራው ታዩልኛላችሁ? ምን ካየሁ ላቁም? እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ምን ለውጥ እንጠብቅ? ስልክ ያላችሁ እንቅስቃሴውን እንዲቀርጹላችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ቤት ላሉት ለማሳየት ይረዳል። ካመመው ወይም ካበጠ በግድ አትጎትቱ፤ ተመልሳችሁ ጠይቁ።

ወይዘሮ ብላንሽ ብዙ ልጆች ነበሯቸው። ብዙዎቻችን ግን ብቻችንን ነን። አንዳንዶቻችንን የልጁ አባት በጉዳቱ ምክንያት ጥሎን ሄዷል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነውና የሚከተለውን ለማኅበራችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየሰፈሩ ሁለት ወይም ሦስት አባላት የአንዷን ልጅ እንቅስቃሴ ከእናቲቱ ጋር ሄደው ይማሩ፤ እሷ ስትታመም ወይም ሥራ ስትሄድ እንዲተኩ። ሁለተኛ፣ በቀጠሮ ቀን የሚያጅብ ተራ ይውጣ። ሦስተኛ፣ ከወርኃዊ መዋጯችን ጥቂት ለታክሲ ብቻ ይመደብ። ደጋፊዎቻችንንም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ለትልልቅ ዕቃ መስጠት የሚወዱ አሉ፤ እናመሰግናለን። ብዙ ሕክምና የሚቋረጠው ግን የደርሶ መልስ ታክሲ በማጣት ነው።

በመጨረሻም ለእህታችን። ስብሰባው ላይ መልስ ሳልሰጥሽ በመቅረቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ። የልጅሽ ቀጠሮ ሐሙስ እንደሆነ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያውን ተራ እኔ ወስጃለሁ፤ ልጄን ለእናቴ ትቼ በጠዋት ከበርሽ እደርሳለሁ። አንቺ ቦርሳውን ያዥ፣ እኔ አዝለዋለሁ። ባለሙያዋም ከፈቀደች ሁለታችንም እንገባለን።

ከማኅበሩ አባላት አንዷ